የቢቸናና የሞጣ ሱቆች ምን ዓይነት የእሳት ማጥፊያ ይግዙ?

የ«ዋተር ሚስት» ጥቅም፣ ልክና የጥገና ጣጣ

በምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አዝመራ ተወቅቶ ወደ ገበያ መውጣት ሲጀምር የቢቸናና የሞጣ መጋዘኖች ይሞላሉ። በዚህ ወቅት የእህል ነጋዴው ካፒታል በአመዛኙ ባንክ ቤት ሳይሆን በጆንያ ተደርድሮ መጋዘን ውስጥ ነው የሚገኘው። ይኸው ወቅት ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት፣ የጭቃ ቤቱ ጭድና የጣሪያው ማገር እንደ ጧፍ የሚደርቅበት ነው። በአንድ ሱቅ የተነሣ እሳት በጋራ ግድግዳና በጋራ ኮርኒስ በኩል ወደ ጎረቤት ለመሻገር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ትልልቆቹ ገበያዎችም ከዚህ አላመለጡም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ካስቸገሯቸው ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበት እንደነበር የከተማው አስተዳደር ገልጾ ነበር። በመጋቢት ወር 2014 ዓ.ም. የሐርጌሳው ዋሔን ገበያ በአንድ ሌሊት ሲጋይ የወደሙት ሱቆችና መደቦች ወደ 2,000 ተገምተዋል፤ እዚያም መኪኖቹ በጠባብ መተላለፊያዎች ምክንያት ወደ መሐል ለመግባት ተቸግረው ነበር።

ሞጣ ራሷም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተፈጸመው ጥቃት መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ አይታለች። ያ ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት በመሆኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማጥፊያ የሚመልሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ የዕድሜ ልክ ጥሪት በሰዓታት ውስጥ አመድ ሊሆን እንደሚችል ለከተማዋ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመርካቶም ሆነ የሐርጌሳ ትምህርት አንድ ነው። መኪናው ከየትም ይምጣ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 እና 4 ደቂቃዎች የባለ ሱቁ ናቸው። በእነዚህ ደቂቃዎች እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ለተነሣው እሳት የሚስማማ መሆን አለበት፤ የሚሠራም መሆን አለበት። ሁለቱም የሚወሰኑት በግዢው ዕለትና ከዚያ በኋላ በሚደረገው ጥገና ነው።

ጉም የሚረጨው ሲሊንደር

በአገራችን ገበያ በብዛት የሚታዩት የእሳት ማጥፊያዎች ደረቅ ዱቄት (ፓውደር) እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ለሕንፃ ባለቤቶች የሚቀርበው ሌላው ዓይነት «ዋተር ሚስት» ይባላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ማዕድን የወጣለት ንጹሕ ውሃ ነው። መጨበጫው ሲጫን ውሃው በልዩ አፈሙዝ አልፎ በጣም ደቃቅ ሆኖ እንደ ጉም ይወጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃ በደቀቀ ቁጥር ሙቀት የሚቀበልበት ገጽ ይሰፋል፤ ቶሎም ይተናል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ወደ 1,700 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። እንፋሎቱ እሳቱ አካባቢ ያለውን አየር ገፍቶ ነበልባሉን ኦክስጅን ያሳጣዋል፤ ትነቱ ደግሞ የሚቃጠለውን ነገር ያቀዘቅዘዋል። «ሃሎን» የተባለው የማጥፊያ ጋዝ የፀሐይ መከላከያ የሆነውን የኦዞን ሽፋን እንደሚጎዳ ታውቆ ከ1987 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ ከምርት እንዲወጣ ሲደረግ፣ ዓለም ፊቱን ካዞረባቸው አማራጮች አንዱ ይኸው የውሃ ጉም ነበር። ሆስፒታሎች፣ ቤተ መጻሕፍትና የኮምፒዩተር ክፍሎች የሚመርጡት ከጠፋ በኋላ ምንም ዱቄት ስለማይተው ነው።

ለቢቸናና ለሞጣ ነጋዴ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትርጉም አለው። «ኤ.ቢ.ሲ.» የሚባለው ዱቄት በአመዛኙ የአሞኒየም ፎስፌት ጨው ነው። እሳት በማጥፋት ረገድ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ክፍሉን በአንድ ጊዜ ስለሚያጨልመው መውጫ በር ያጠፋል፤ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ብረትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይበላል። ጤፍ ላይ ከተነሰነሰ ጉዳቱ የባሰ ነው። የጤፍ ፍሬ ከደቃቅነቱ የተነሣ ዱቄቱን በወንፊት ለይቶ ማውጣት ስለማይቻል ያ ኩንታል ገዢ የለውም። በውሃ ጉም የረጠበ ጆንያ ግን ቶሎ ተነጥሎ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ የመትረፍ ዕድል አለው።

ለየትኛው ሱቅ ይሆናል?

ጉም የሚረጨው ማጥፊያ የሁሉም እሳት መድኃኒት አይደለም። ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት በሱቁ ውስጥ ሊነሣ የሚችለውን እሳት መለየት ይኖርበታል።

ጨርቃ ጨርቅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የቤት ዕቃ፣ ፋርማሲ፣ የሞባይልና የፎቶ ኮፒ ቤት፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ የሆቴል መኝታ ክፍል፤ እነዚህ ሁሉ እንጨት፣ ወረቀት፣ ጨርቅና ፕላስቲክ የሞላባቸው፣ በመካከላቸውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ዋተር ሚስት ዋጋውን የሚመልሰው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው።

በእህል መጋዘንም ይሠራል፤ ግን ልክ አለው። የጉሙ ነጠብጣብ ቀላል ስለሆነ የጆንያ ክምር ውስጥ ዘልቆ አይገባም። ላይ ላዩን ያለው ነበልባል ከጠፋ በኋላ በክምሩ መሐል የተደበቀው ፍም ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። ስለሆነም ነበልባሉ እንደጠፋ ጆንያውን አንድ በአንድ ማውጣትና ክምሩን መበተን ግድ ነው። በወፍጮ ቤት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በኃይል የሚወጣ ዱቄት ወይም ጋዝ የተከማቸውን የእህል ብናኝ ወደ አየር ሊያስነሣ ይችላል፤ በአየር ላይ የተበተነ ብናኝ እሳት ካገኘው ይፈነዳል። ለስላሳው ጉም ብናኙን የማስነሣት ዕድሉ ያነሰ ነው።

የማይሆንባቸውን ቦታዎች ማወቅም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል። በጀሪካን ቤንዚን የሚቀመጥበት የጄኔሬተር ክፍል፣ ቀለምና ቲነር የሚሸጥበት ሱቅ፣ አረቄ የሚወጣበት ወይም በብዛት የሚከማችበት ቤት ለፈሳሽ እሳት የተፈቀደ ዱቄት ወይም ፎም ይፈልጋል። የጋዝ ሲሊንደር እሳት ሲይዘው መጀመሪያ መዘጋት ያለበት ቫልቩ ነው። የሚነድ የምግብ ዘይት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ወደ ኮርኒስ እንደ መወርወር ስለሆነ፣ ምግብ ቤት ለማብሰያ ዘይት ተፈትኖ ያለፈ መሆኑ በገላው ላይ ያልተጻፈበትን ማጥፊያ ማድ ቤት ውስጥ መስቀል የለበትም።

በፊደል እንዳይሳሳቱ

በዚህ ረገድ አስመጪውም ቸርቻሪውም ሊሳሳት የሚችልበት አንድ ጉዳይ አለ። ሲሊንደሩ ላይ የሚታተሙት ፊደላት በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። በአሜሪካ ምልክት «ሲ» ማለት የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ መርጨት ይቻላል ማለት ነው፤ በአውሮፓ ምልክት ግን «ሲ» የጋዝ እሳት ነው። የማብሰያ ዘይት እሳት በአሜሪካ «ኬ»፣ በአውሮፓ «ኤፍ» ይባላል። የአሜሪካ ሥሪት የሆነ የውሃ ጉም ማጥፊያ «ኤ» እና «ሲ» ተብሎበት ሲመጣ፣ ሻጩ «ለጋዝም ይሆናል» ብሎ ቢሸጠው ገዢውን ለአደጋ ያጋልጠዋል።

የአውሮፓ ሥሪት የሆኑት ለኤሌክትሪክ ደኅንነት በ35,000 ቮልት የሚፈተኑ ሲሆን፣ ፈተናውን ያለፉት እስከ 1,000 ቮልት ባለው መሣሪያ ላይ ከ1 ሜትር ርቀት መርጨት እንደሚቻል በገላቸው ላይ ይጻፍባቸዋል። ይህ ጽሑፍ ከሌለ እንደሌለ ይቆጠር። ጽሑፉ ቢኖርም እንኳ ከተቻለ አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ ይገባል። ንጹሑ ውሃ ወለል ላይ ወርዶ ከአቧራና ከጨው ጋር ሲቀላቀል ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራልና ኩሬው ላይ መቆም አደገኛ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ «የውሃ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የውሃ ጉም አለመሆኑ ነው። ውሃን እንደ ቧንቧ በቀጥታ የሚወረውረው ተራ ሲሊንደርም አለ፤ ይህኛው ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አይረጭም። ገዢው አፈሙዙን ይመልከት፤ የተፈቀደለትን የእሳት ዓይነትም ራሱ ያንብብ።

ስንት ይበቃል? የት ይሰቀል?

«ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 10» የተባለው የአሜሪካ ደረጃ በብዙ አገር ባለሙያዎች እንደ መነሻ ይወሰዳል። በዚህ ደረጃ መሠረት ለተራ እሳት የሚሆን ማጥፊያ ከማንኛውም የወለሉ ነጥብ በእግር ሲኬድ ከ23 ሜትር በላይ ሊርቅ አይገባም። መካከለኛ አደጋ ባለባቸው ሱቆች ደግሞ «2ኤ» የተባለው አቅም ያለው አንድ ሲሊንደር የሚሸፍነው ወደ 280 ካሬ ሜትር ነው።

ለምሳሌ 20 በ15 ሜትር የሆነ ባለ 2 ፎቅ የንግድ ሕንፃ እንውሰድ። አንዱ ወለል 300 ካሬ ነው፤ ስለዚህ በየወለሉ 2፣ በጠቅላላው በ3ቱ ወለሎች 6 ሲሊንደር ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ለቆጣሪና ለኤሌክትሪክ ሰሌዳው አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለጄኔሬተሩ ደግሞ አንድ ዱቄት ሲጨመር የተሟላ ይሆናል። እያንዳንዱ ተከራይ በዘፈቀደ የየራሱን ትንሽ ዱቄት ከሚገዛ ይህ ዓይነቱ ዕቅድ ሕንፃውን የተሻለ ይጠብቀዋል።

«2ኤ» አቅም ያለው የአሜሪካ ሥሪት ወደ 9.5 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ሲሞላ ከ12 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሱቁ ውስጥ የሚውለው ሠራተኛ ሊያነሣው የማይችለውን ክብደት መግዛት ትርፍ የለውም፤ ለጠባብ ሱቅ የ3 ወይም የ6 ሊትር የአውሮፓ ሥሪት ይበቃል። አሰቃቀሉን በተመለከተ፣ ከ18 ኪሎ የማይበልጥ ሲሊንደር የላይኛው ጫፉ ከወለል ከ1.5 ሜትር ብዙም ሳይዘል፣ ወደ መውጫው በር በሚወስደው መንገድ ላይ መሰቀል አለበት። በሱቁ ጥግ፣ ከጆንያ ኋላ የተቀመጠ ማጥፊያ ለመድረስ በእሳቱ ውስጥ ማለፍ ይጠይቃል።

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የውሃ ማጥፊያዎች በአመዛኙ ሙቀቱ ከ4 ወይም ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዲወርድ አይፈቅዱም፤ በብርድ ወራት ሌሊቱ ስለሚከብድ ሲሊንደሩ በረንዳ ላይ ሳይሆን ከውስጥ ይሰቀል።

ዋናው ዕቃ ውሃው ነው

ከዚህ ማጥፊያ ጋር የሚመጣው ትልቁ ጣጣ መልሶ መሙላት ነው። ብዙ ሰው «ውሃ አይደለም እንዴ፣ ከቧንቧ እቀዳለሁ» ሊል ይችላል። የቧንቧም የጉድጓድም ውሃ በውስጡ ማዕድን አለው፤ ማዕድኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ውሎ ሲያድርም የአፈሙዙን ደቃቃ ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ሲሊንደሩንም ያዝጋል። በቧንቧ ውሃ የተሞላ ዋተር ሚስት ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ በኤሌክትሪክ እሳት ፊት ግን የያዘውን ሰው ሊገድል የሚችል ዕቃ ሆኗል።

በመለዋወጫ ሱቆች የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው ቢባልም፣ አምራቹ በጽሑፍ የፈቀደው ዓይነት መሆኑ ሳይረጋገጥ መጠቀም አይገባም። የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጥ መለዋወጡ ሌላ አደጋ ነው። አየር ለማስሞላት ሲሊንደሩን ጎሚስታ ቤት መውሰድም ሊወገድ የሚገባ ነገር ነው። የጎማ ኮምፕሬሰር አየር እርጥበትና ዘይት ይዞ ይገባል፤ መጠኑም ሳይለካ ቢያልፍ ሲሊንደሩ ሊፈነዳ ይችላል። የሚሞላው ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን ነው፤ እሱም በመቆጣጠሪያ ተለክቶ።

በመሆኑም ነጋዴው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ይህ ሲሊንደር ባዶ ሲሆን ማን፣ የት፣ በምን ውሃ፣ በስንት ቀን ይሞላልኛል?» መልሱ በደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ፣ ለዚያ ሱቅ ጥሩ ዱቄት መግዛት ከመጥፎ ዋተር ሚስት ይሻላል።

የጥገናው የቀን መቁጠሪያ

በየወሩ፦ ባለ ሱቁ ራሱ ይመለከታል። የጌጁ ቀስት አረንጓዴው ላይ ነው? ፒኑና ማሸጊያው አልተነኩም? ቱቦው አልተሰነጠቀም? አፈሙዙ ውስጥ ሸረሪት ወይም ተርብ አላደራም? ዝገት አለ? ፊት ለፊቱ ዕቃ አልተደረደረም? 2 ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ወር በገባ በ1 ቀን ማድረግ እንዳይረሳ ይረዳል፤ ቀኑና የተመልካቹ ፊርማም በተንጠለጠለው ካርድ ላይ ይጻፍ።

በየዓመቱ፦ በባለሙያ መፈተሽ አለበት። በእነዚህ ከተሞች ለዚህ የሚመቸው ጊዜ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ይደርቃል፤ መጋዘኑም ገና አልሞላም።

በየ5 ዓመቱ፦ ሲሊንደሩ ባዶ ተደርጎ ውስጡ ይታያል፤ በውሃ ግፊትም ይፈተናል። ለፍተሻ ከመጫኑ በፊት ባዶ ማድረጉ የማይቀር ስለሆነ ሠራተኞች በግቢ ውስጥ ተሰብስበው የሚለማመዱበት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ፒኑን መንቀል፣ መውጫውን ከጀርባ ማድረግ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀው አፈሙዙን ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ መጫን፣ ወደ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ። አንድ ጊዜ በእጁ ያልያዘ ሰው በጭንቅ ሰዓት ፒኑን ሳይነቅል ይታገላል።

አንድ ጊዜ የተጫነ ሲሊንደር፣ ለ2 ሰከንድም ቢሆን፣ ተመልሶ መሞላት አለበት። ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ቢታይም ግፊቱ ቀስ በቀስ ሊያመልጥ ይችላል።

ከዳጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ በጸጥታ ችግር የሚዘጋበት ጊዜ በመኖሩ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ሲሊንደሩን አቅፎ ወደ ትልቅ ከተማ ቢጓዝ ወጪውም ቀኑም አይበቃውም። የሚያዋጣው በአንድ ረድፍ ያሉ ሱቆች እንደ ዕድር ተባብረው አንድ ውል መዋዋል፣ ባለሙያውን በአንድ ጊዜ ማስመጣትና 1 ወይም 2 ምትክ ሲሊንደር በጋራ መያዝ ነው። እሳቱ ግድግዳውን ሲሻገር የማን ሱቅ እንደሆነ ስለማይጠይቅ፣ የጎረቤት ማጥፊያ መሥራቱ የራስም ጉዳይ ነው።

ውል፣ ኢንሹራንስና ዋጋ

የኢትዮጵያ የሕንፃ ሕግ ስለ እሳት መከላከያ ድንጋጌዎች ያሉት ሲሆን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። በሥራ ላይ ግን የሚያጣላው «የኮሪደሩን ማጥፊያ ማን ይግዛ፣ ማን ያስሞላ?» የሚለው ነው። የኪራይ ውሉ ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የጋራ ቦታው የአከራዩ፣ የሱቁ ውስጥ የተከራዩ ቢሆን ሚዛናዊ ነው። ሱቅ የሚያከራይ ደላላም ሆነ ሕንፃ ሊገዛ የሚዞር ባለሀብት ቆጣሪውን በሚያይበት ዓይን የሲሊንደሩን ካርድ ይመልከት። ለ3 ዓመት ያልተፈረመበት ካርድ ስለ ሕንፃው ሌላ አያያዝም ይናገራል።

የእሳት መድን ያለው ነጋዴም ውሉን ያንብብ። መደበኛ የእሳት መድን ውል ብዙ ጊዜ ሁከትና ብጥብጥን አያካትትም፤ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ይጠይቃል። የሞጣ ነጋዴ ይህን ሳያረጋግጥ ባይፈርም ይመረጣል። የተመዘገበው የዕቃ ዋጋም በክረምት ያለው ሳይሆን መጋዘኑ ጢም ሲል ያለው ይሁን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎች ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የዛሬውን የሲሊንደር ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። የግዢው፣ የ5 ዓመት ፍተሻው፣ የውሃው፣ የማጓጓዣውና የምትኩ ሒሳብ ተደምሮ ለ5 ሲካፈል የአንዱ ዓመት እውነተኛ ወጪ ይገኛል። ይህን ቁጥር ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ካለው የአንድ ወቅት ጤፍ ዋጋ ጎን ያስቀምጠውና ይፍረድ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉ ግን እርጥብ መሆኑን በየወሩ ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው።